ኤስኪውላይት፦ ከውጭ ኮድ አይቀበልም፣ ቅሬያችንን ግን አላስቀየመም

ፍርዱን ቶሎ ለሚፈልግ ሰው፦ ኤስኪውላይት አሪፍ ነው። ደሴ ተቀምጦ ትንንሽ ሶፍትዌር ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚሻል ዳታቤዝ አላየሁም። ነፃ ነው። ሰርቨር አይፈልግም። መብራት ሲሄድ መረጃ አይበላም። ሠሪዎቹ ግን ግትር ናቸው፤ «ኮድ ጽፌ ላግዛችሁ» ብትሏቸው በትህትና ይመልሷችኋል። ይህ ግምገማ ባብዛኛው ስለዚያ ግትርነት ነው፤ ዳታቤዙን ጥሩ ያደረገውም፣ ብዙ ፕሮግራመር የሚያማርርበትም እሱው ነውና።

ለማያውቁት ባጭሩ። ኤስኪውላይት በሲ ቋንቋ የተጻፈ ላይብረሪ ነው። እንደ ፖስትግሬስ ወይም ማይኤስኪውኤል ለብቻው የሚነሳና የሚጠበቅ ሰርቨር የለውም። ከፕሮግራማችሁ ጋር አብሮ ይገባል፣ ሠንጠረዡንም መረጃውንም አንድ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፣ አለቀ። ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁ እንኳ ኪሳችሁ ውስጥ አለ፦ አንድሮይድ ይጠቀመዋል፣ አይፎን ይጠቀመዋል፣ ክሮምና ፋየርፎክስ ይጠቀሙታል፣ ስልካችሁ ላይ ያለው የዋትስአፕ መልእክት የተቀመጠው በእሱ ፋይል ነው። ሠሪዎቹ በዓለም ላይ በሥራ ላይ ያሉት የኤስኪውላይት ዳታቤዞች ከአንድ ትሪሊዮን ሳይበልጡ አይቀሩም ይላሉ። ማን ቆጠረው አትበሉኝ። አንድ ስልክ ላይ ብቻ ስንት እንዳለ ያየ ሰው ግን ብዙም አይገርመውም።

አጀማመሩ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሪቻርድ ሂፕ የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ለአገሩ ባሕር ኃይል የጦር መርከብ ሶፍትዌር ይሠራ ነበር። መርከቧ ጉዳት ሲደርስባት የቱ ቫልቭ ይዘጋ፣ የቱ ይከፈት የሚለውን የሚያሳይ ሶፍትዌር ነው። ከኋላው ኢንፎርሚክስ የሚባል የዳታቤዝ ሰርቨር አለ። ሰርቨሩ ሲወድቅ የሂፕ ፕሮግራም «ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚል መልእክት ያወጣል። ጥፋቱ የሰርቨሩ፣ ወቀሳው የሂፕ፤ መልእክቱን ስክሪኑ ላይ ያወጣው የእሱ ፕሮግራም ነዋ! ከዚያ በኋላ ነው ሰውዬው «መረጃውን ከዲስኩ ላይ በቀጥታ ካነበብን ሰርቨሩ ለምኔ?» ብሎ የተነሳው።

ለጦር መርከብ የታሰበ ነገር ለእኛ ሰፈር ምን ያደርጋል ካላችሁ፣ ሁለቱም ቦታ የሚፈራው አንድ ነው፦ ሥራው መሐል ላይ ሲደርስ የሆነ ነገር መቋረጡ። እኔ የሠራሁበት ለሰፈራችን ቅሬ ነው። ከወሎ ውጭ ላላችሁ፣ እናንተ እድር የምትሉት ማለት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ የሚያዋጣበት፣ ቀብር ላይ የማይቀርበት። የድሮው ደብተር በ2014ቱ ጦርነት ሰው ከከተማ ሲወጣ የት እንደገባ አልታወቀም። ስለዚህ የቅሬው ጸሐፊ «አንተ ልጅ፣ ይሄን በኮምፒውተር አድርግልን» አሉኝ፣ አደረግኩት። ፕሮግራሙ የሚሠራው እሳቸው ቤት ባለ ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ላይ ነው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑም አብሮ ይሄዳል። መዋጮ እየመዘገቡ፣ «አስቀምጥ» የሚለውን በተጫኑባት ቅጽበት የሄደበት ጊዜም አለ። መብራቱ ሲመጣ እየፈራሁ ከፈትኩት። ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ነበር። ጸሐፊያችን ከጎኔ ሆነው «አብሽር፣ ደብተርም ይዣለሁ» ይሉኛል፤ ደብተሩንም ሶፍትዌሬን ያህል ያመኑት ይመስላል።

ይህ የሚሆነው በዕድል አይደለም። ኤስኪውላይት የፋይሉን አንድ ገጽ ከመቀየሩ በፊት የድሮውን ገጽ ቅጂ ከጎኑ ባለ ሌላ ትንሽ ፋይል ላይ ይጽፋል። ለውጡ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ያችን ትንሽ ፋይል ያጠፋታል። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ትንሿ ፋይል ሳትጠፋ ትቀራለች፤ ቀጣይ ጊዜ ዳታቤዙ ሲከፈት «አሃ፣ ያላለቀ ሥራ ነበር» ይልና የድሮውን ገጽ ይመልሳል። ወይ ሙሉው መዋጮ ገብቷል፣ ወይ ጭራሽ አልገባም። ግማሽ የሚባል ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጣው ዋል የሚባለው ሁለተኛው ዘዴ ደግሞ ነገሩን ገልብጦ አዲሱን ለውጥ ነው ከጎን የሚጽፈው፤ አንድ ሰው እየጻፈ ሌሎች ማንበብ እንዲችሉ ያደርጋል።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ርካሽ ፍላሽ ዲስክ ይዋሻል። «ጻፍኩ» ይላል፣ ገና አልጻፈም። እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ ኤስኪውላይት ምንም ማድረግ አይችልም፤ ራሳቸው በሰነዳቸው ላይ በግልጽ ጽፈውታል። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ፋይሉን ዝም ብሎ ኮፒ አድርጎ ፍላሽ ላይ መለጠፍ አይሆንም፣ በተለይ ያችን የጎን ፋይል ትቶ። ለቅጂ የሚሆን የራሱ ትእዛዝ አለው፣ እሱን ተጠቀሙ። ያችን ትንሽ ፋይል «ምንድን ናት ይቺ ደግሞ» ብሎ የሚያጠፋት ሰው ደግሞ የዳነውን ዳታቤዝ በእጁ ይገድለዋል።

አሁን ወደ ግትርነቱ። የእነዚህ ሰዎች የሙከራ ነገር ጤነኛ አይደለም፤ በጥሩ ጎኑ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 3.42 እትም የላይብረሪው ኮድ ወደ 155,800 መስመር ነው። እሱን ለመፈተን የተጻፈው ኮድ ከ92 ሚሊዮን መስመር በላይ ነው። 590 እጥፍ! ሚሞሪ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ለማየት መጀመሪያ የተጠየቀውን ሚሞሪ ይከለክሉታል፣ ከዚያ እንደገና አስነስተው ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን፣ እንዲህ እያሉ ሥራው ያለ ምንም ክልከላ እስኪያልቅ ድረስ ይቀጥላሉ። የዲስክ ስሕተትንም እንደዚሁ። የመብራት መጥፋትንም የሚያስመስል ሰው ሠራሽ የፋይል ሥርዓት አላቸው፤ ጽሑፉ በግማሽ ሲቀር፣ ቅደም ተከተሉ ሲዛባ፣ ሁሉንም ይሞክሩታል። ከአውሮፕላን ሶፍትዌር የተወሰደ መመዘኛም አላቸው፦ በኮዱ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ «ከሆነ» የሚል ቅርንጫፍ በሁለቱም በኩል መሄዱ ብቻ አይበቃም፣ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ሁኔታ ለብቻው ውጤቱን መቀየር እንደሚችል መታየት አለበት። መቶ በመቶ።

መቶ በመቶ ሲባል ደግሞ አለቀ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ማኑኤል ሪገር የሚባል ተመራማሪ በስዊዘርላንድ ሆኖ ኤስኪውላንሰር የሚባል መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው በዘፈቀደ ሠንጠረዥና ጥያቄ እየፈጠረ ዳታቤዙ የሚሰጠው መልስ ትክክል መሆኑን ያጣራል። ብዙ ስሕተት አገኘ፣ በኤስኪውላይትም ላይ። ሁሉም መስመር ተፈትኗል፣ መልሱ ግን አንዳንዴ የተሳሳተ ነበር። እኔን ያስደነቀኝ ስሕተቱ መገኘቱ አይደለም፣ የተሰጠው ምላሽ ነው። አልተኮራረፉም። ቶሎ ቶሎ አረሙ፣ እያንዳንዱንም ወደ ፈተናቸው ጨመሩት። ከውጭ ኮድ የማይቀበሉት ሰዎች ከውጭ የመጣ ስሕተት ጠቋሚን እጅ ዘርግተው ተቀበሉ።

ኮድ ለምን አይቀበሉም ታዲያ? ራሳቸው ፕሮጀክቱ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ነው፣ ለአስተዋጽኦ ግን ክፍት አይደለም ብለው በግልጽ ጽፈዋል። አንዱ ምክንያት ሕጋዊ ነው። ኤስኪውላይት እንደ ሌሎቹ ፈቃድ የለውም፤ የማንም ያልሆነ፣ የሕዝብ ንብረት ነው። እንዲህ ሆኖ እንዲቀጥል እያንዳንዱ ኮድ የጻፈ ሰው «መብቴን ትቻለሁ» የሚል ቃለ መሐላ ፈርሟል፣ ኦሪጅናሉ ወረቀትም እሳት የማይበላው ካዝና ውስጥ ተቀምጧል። ሌላው ምክንያት የጥራት ነው፤ ያን ሁሉ ፈተና የሚያውቁት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው፣ ከውጭ የመጣን ፓች (የኮድ ማስተካከያ) በዚያ ልክ ከማጣራት ሐሳቡን ወስዶ ራስ መጻፍ ይቀልላቸዋል።

ብዙ ሰው ይህን ንቀት አድርጎ ይወስደዋል። እኔ ቅሬን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ይመስለኛል። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የሚተክለው ሁሉም ነው፣ ውኃ የሚቀዳው ሁሉም ነው፣ ቀብር የሚወጣው ሁሉም ነው። የገንዘቡን ደብተር ግን የሚጽፈው አንድ ሰው ነው። ማንም «ለምን እኔም አልጽፍበትም» ብሎ አያኮርፍም። የሚያኮርፈው ሲጠይቅ መልስ ሲያጣ፣ ወይም ሒሳቡ ሳይነገረው ሲቀር ነው። ኤስኪውላይት ላይ ስትጠይቁ መልስ አለ፣ አንዳንዴም መልሱን የሚጽፈው ሂፕ ራሱ ነው። ኮዱም የተቀየረበት ታሪክም ለሁሉ ክፍት ነው።

በሩን ወለል አድርጎ መክፈትም ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጋቢት የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ኤክስዜድ የምትባል ፋይል ማመቂያ ላይብረሪ አለች፤ ሊኑክስ በሚሠራባቸው ኮምፒውተሮች ሁሉ ያለች ማለት ይቻላል። የሚጠብቃት አንድ የደከመው ሰው ነበር። ሰዎች «ዘገየህ፣ ለሌላ ስጠው» እያሉ ወጠሩት። ጂያ ታን በሚል ስም የመጣ አንድ «በጎ ፈቃደኛ» ለዓመታት ጥሩ ጥሩ ፓች ሲልክ ቆይቶ ኃላፊነቱን ተጋራ፣ ከዚያ የኋላ በር፣ ማለትም በስውር መግቢያ የሚሆን ኮድ፣ ቀበረባት። የተያዘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ወደ ሰርቨር መግባት በግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ሲፈትሽ ነው። ግማሽ ሰከንድ! እኛ ጋ ቢሆን «ኔትወርኩ ነው» ብለን እናልፈው ነበር። የኅብረተሰብ ድጋፍ ሲባል ሁልጊዜ ድጋፍ ማለት አይደለም፣ አንዳንዴ ጫና ነው።

የዝግ በሩ ጉዳት ግን አለ፣ አልሸፋፍነውም። ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተማሩ፣ ኮድ መጻፍ የሚችሉ፣ ስማቸው አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ላይ ቢገባ ሥራ የሚያገኙ ልጆች አውቃለሁ። «የት ልጀምር?» ሲሉኝ ኤስኪውላይትን አልጠቁምም። ለመማር አንብቡት እላቸዋለሁ፤ በኮዱ ውስጥ ያለው አስተያየት ራሱ ትምህርት ነው። ፓች ለመላክ ግን ጃንጎ ወደሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ወይም ሌላ ተቀባይ ያለው ቦታ ሂዱ። በዚህ የተማረሩ ሌሎችም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሊብኤስኪውኤል የሚባል ከኤስኪውላይት የተቀዳ፣ አስተዋጽኦ የሚቀበል ፕሮጀክት የተጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው። መብታቸው ነው፣ ኮዱ የሁሉም ነውና። እኔ ለቅሬው አልቀየርኩም።

በነገራችን ላይ የነዚህ ሰዎች ነገረ ሥራ ሁሉ ለየት ያለ ነው። ደንበኞች «የሥነ ምግባር ደንብ አውጡ» ሲሏቸው፣ ከ6ኛው መቶ ዘመን የቅዱስ ቤኔዲክቶስን የገዳም ሥርዓት አውጥተው ለጠፉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ነገሩ ሲታወቅ ትልቅ ጫጫታ ሆነ። በኋላ እሱን የራሳቸው የግል ሥርዓት አድርገው አስቀሩት፣ ለሌላው ሰው ደግሞ የተለመደውን ዓይነት ደንብ ከሞዚላ ወሰዱ። ለሼህም ለቄስም በአንድ ቅሬ ለኖርን ሰዎች ይሄ ብዙም የሚያስጮህ አይመስለኝም፣ ግን እንዳታዩት ብደብቀው ግምገማዬ ሙሉ አይሆንም።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደረስኩ። እንዲህ ያሉ ፍጹምነት ፈላጊ ሰዎች የሠሩት ነገር እንከን የሌለው መስሏችሁ ከሆነ፣ አይደለም። ያውም የሚታወቁ፣ ራሳቸው ዘርዝረው የጻፏቸው እንከኖች አሉት። ፕራይመሪ ኪይ፣ ማለትም እያንዳንዱን መዝገብ ከሌላው የሚለየው ዓምድ፣ ባዶ መሆን የለበትም፤ ይህ የዳታቤዝ ቋንቋው የኤስኪውኤል ሀሁ ነው። ኤስኪውላይት ግን በብዙ ዓይነት ሠንጠረዥ ላይ ባዶውን ይቀበላል። ድሮ የገባ ስሕተት ነው። ሲያገኙት ግን በዚያ ስሕተት ላይ የተደገፉ ስንት ፕሮግራሞች ተሠርተው ነበር፤ ቢያርሙት የሰው ሶፍትዌር ይሰበራል። ስለዚህ ተዉት፣ «ይሄ ስሕተት ነው፣ አናርመውም፣ ምክንያቱም ይሄ ነው» ብለው ጻፉ። የዓምድ ስም በድርብ ጥቅስ ውስጥ ተሳስታችሁ ብትጽፉ እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥሮ ያልፋችኋል፤ እሱንም እንደሚቆጩበት ጽፈዋል፣ በነባሪነት ግን አለ። ፎሪን ኪይ የሚባለው፣ ማለትም የሌለ አባል መዋጮ ከፈለ ብሎ እንዳይመዘገብ የሚጠብቀው ነገር፣ እናንተ ካላበራችሁት ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ እሱም የድሮ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ ነው።

የባሰው የመረጃ ዓይነት ጉዳይ ነው። የቁጥር ዓምድ ላይ ጽሑፍ ብትጽፉ ይቀበላል። ሆን ብዬ ሞከርኩት፦ የገንዘብ መጠን የሚገባበት ዓምድ ላይ «ሃምሳ» ብዬ ጻፍኩ፣ ገባ። «፶» ብዬ ጻፍኩ፣ እሱም ገባ። ከዚያ ድምሩን ስጠይቀው ሁለቱንም ዜሮ አድርጎ ደመራቸው፣ አንድ ማስጠንቀቂያ የለም። ለቅሬ ሒሳብ እንዲህ ያለ ነገር ጠብ ያስነሳል! እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 3.37 እትም ሠንጠረዡ ጥብቅ እንዲሆን ማዘዝ ይቻላል፣ ያኔ ቁጥር ያልሆነውን አልቀበልም ይላል። አዲስ ሥራ የምትጀምሩ ከሆነ ሠንጠረዦቻችሁን ሁሉ ጥብቅ አድርጓቸው። የድሮው ልቅ ባሕርይ ግን ላልጠየቀ ሰው አልተቀየረም።

ይህን ሳይ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ስንት ሚሊዮን መስመር ፈተና ጽፎ ፕራይመሪ ኪይን አለማረም ምን ይሉታል? ከዚያ ከሌላ ላይብረሪ ጋር አነጻጸርኩት። ለኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የምጠቀምበት አንድ ላይብረሪ ነበር፤ ስሙን አልጠራም፣ ጸሐፊው በነፃ ነው የሠራው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ኮዱም ያምራል። ችግሩ ኮዱ እንዲያምርለት የማያደርገው ነገር የለም። በየእትሙ የፈንክሽኖቹ ስም ይቀየራል። አንድ ጊዜ ደግሞ ወር ከአንድ ይቆጠር የነበረውን ከዜሮ አደረገው፣ «እንዲህ ነው ንጹሑ» ብሎ። እኛ ጋ የመስከረም መዋጮ ጥቅምት ላይ ገብቶ ተገኘ። ጳጉሜን 6 የሚሆንበትን ዓመት በትክክል እንዲይዝ ማስተካከያ የላኩለት ሰዎችም ነበሩ። መልሱ «ሁሉንም ከሥር እየጻፍኩት ነው፣ ጠብቁ» የሚል ነበር። ጳጉሜን አልጠበቀችም።

ሁለቱም ፍጹምነት ፈላጊ ናቸው። ልዩነቱ ፍጹም እንዲሆን የሚፈልጉት ነገር ላይ ነው። አንዱ ኮዱ ያምር ይላል። ሌላው ዛሬ የሠራው ፕሮግራም ከሃያ ዓመት በኋላም ይሥራ ይላል፤ ኮዱ ላይ ጠባሳ ቢቀርም። የኤስኪውላይት ሰዎች የፋይሉን አቀማመጥ ሳይሰብሩ እ.ኤ.አ. እስከ 2050 እንደግፋለን ብለው በጽሑፍ ቃል ገብተዋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት መረጃ ለረጅም ጊዜ ለማቆየት ከሚመክራቸው ቅርጾች አንዱም እሱ ነው። ፓቼን አልተቀበሉኝም ማለት እችላለሁ፣ ፕሮግራሜን ሰበሩብኝ ማለት ግን አልችልም። ለእኔ ከሁለቱ የኅብረተሰብ ድጋፍ የሚባለው ፕሮግራም አለመስበሩ ነው።

ለአማርኛ እንዴት ነው? ከጠበቅኩት በላይ። ስም በፊደል ተራ ደርድር ስትሉት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ ይደረድራል፤ በዩኒኮድ የግዕዝ ፊደል የተቀመጠው በዚያ ተራ ስለሆነ ምንም ተጨማሪ ነገር አያስፈልግም። ፍለጋ ላይ ግን ሞክሼ ፊደላት ያስቸግራሉ። ወሎ ውስጥ ሐሰን ወይም ዓሊ የሌለበት ቅሬ የለም፤ አንዱ ሐሰን ይላል፣ ሌላው ሀሰን፤ አንዱ ዓሊ፣ ሌላው አሊ፤ ሠይድና ሰይድም እንደዚሁ። ለኤስኪውላይት እነዚህ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ አንድ ጊዜ ብቻ ሲከፍል ማሰብ ነው። መፍትሔው ግን እዚያው አለ፦ የራሳችሁን ፈንክሽን ጽፋችሁ ታስመዘግቡታላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ጥያቄ ውስጥ እንደ ራሱ ፈንክሽን ይጠራል። እኔ ሐንም ኀንም ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚያመጣ ትንሽ ፈንክሽን በፓይተን ቋንቋ ጻፍኩ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ሰባቱንም ድምፅ። ችግሩ ተፈታ።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። የሱ የቀን ፈንክሽኖች የሚያውቁት የፈረንጁን ብቻ ነው። እኔ ቀኑን ሁሉ እንደ ተራ የቀን ቁጥር አስቀምጬ፣ ወደ መስከረምና ጥቅምት የሚቀይረውን ስሌት በራሴ ፈንክሽን አደረግኩት፤ ያንን የሚያምር ላይብረሪ ከተውኩት በኋላ ማለት ነው። «ለምን የእኛን አቆጣጠር አልጨመሩም» ብሎ የሚቆጣ ይኖራል። እኔ ባይጨምሩት እመርጣለሁ። መሐሉን ራሳቸው ይጠብቁት፣ ዳር ዳሩን ለእኛ ክፍት ይተዉት። እዚያ ዳር ላይ የማንንም ፈቃድ ሳልጠይቅ የፈለግኩትን መሥራት እችላለሁ፣ ጎረቤት ከተማ ላለ ሰውም ማካፈል እችላለሁ።

ሰነዱ በጣም ጥሩ ነው። ሙሉው በአንድ ዚፕ ፋይል ይወርዳል። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲዘጋ ላፕቶፔ ላይ የነበረው ያ ዚፕ ነው ያሠራኝ። ሌሎች ላይብረሪዎች ሰነዳቸውን ኢንተርኔት ላይ ብቻ አድርገው እኛን የረሱን ሲመስለኝ፣ እነዚህ አስበውበትም ይሁን ሳያስቡ ጠቅመውናል።

ለተጠቃሚ እስከ የት እንደሚሄዱ የምታሳይ አንዲት አስቂኝ ታሪክም አለች። ድሮ ኤስኪውላይት ጊዜያዊ ፋይሎቹን በራሱ ስም ጀምሮ ይሰይማቸው ነበር። ማካፊ የሚባለው ፀረ ቫይረስ ኤስኪውላይትን መጠቀም ሲጀምር የሰዎች ኮምፒውተር በእነዚህ ፋይሎች ተሞላ። ሰዎቹም ስሙን ጎግል አድርገው፣ ስልክ ቁጥር ፈልገው ሠሪዎቹን እየደወሉ ከእንቅልፍ መቀስቀስ ጀመሩ። ምን አደረጉ? ስሙን ገልብጠው ከኋላ ወደ ፊት ጻፉት። አሁንም እንደዚያው ነው። ፕሮግራመር የሆነ ሰው ገልብጦ ያነበዋል፣ ሌላው ሰው ግራ ተጋብቶ ይተወዋል።

ቅሬታዬን ልጨርስ። ከፈተና ስብስቦቻቸው አንዱ ዋነኛው ቲኤችስሪ ይባላል፣ እሱ ለሕዝብ ክፍት አይደለም። ኮዱ የሁሉም፣ ዋናው መፈተኛ የእነሱ። ይገባኛል፣ እንጀራቸው ነው፤ እንደ ብሉምበርግ ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች ገንዘብ የሚያዋጡበት ኅብረት አላቸው፣ የቴክኒክ ውሳኔው ግን በሠሪዎቹ እጅ እንዲቆይ ተስማምተዋል። የሕዝብ ንብረት የሚባል ነገር ጠበቃቸውን ለሚያስጨንቀው ድርጅቶች ደግሞ በ6,000 ዶላር የማረጋገጫ ወረቀት ይሸጣሉ፤ በነፃ የተሰጠን ነገር በገንዘብ መግዛት ይሄ ነው። ኢንክሪፕሽንም በክፍያ ነው፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ የቅሬው ፋይል ለማንም ይነበባል፣ ስለዚህ ዲስኩን በሌላ መንገድ መቆለፍ ያስፈልጋል። የሰዎቹም ቁጥር ማነስ ያሳስበኛል። እስከ 2050 ያሉት ቃል ጥሩ ነው፣ ሰው ግን ያረጃል።

ለማን ይሆናል? ለቅሬ፣ ለእቁብ፣ ለፋርማሲ፣ ፒያሳ ላለች የልብስ ሱቅ፣ ለትምህርት ቤት ውጤት፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ ነገር ሁሉ፤ ለስልክ አፕ ደግሞ ሌላ አትፈልጉ። ለማን አይሆንም? ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ ቅርንጫፍ ኖሮት ሁሉም ባንድ ጊዜ ለሚጽፍበት የቁጠባ ማኅበር። ኤስኪውላይት ባንድ ጊዜ የሚያስጽፈው አንድ ጸሐፊ ብቻ ነው፣ ሌላው «ተቆልፏል» ይባላል። ፋይሉን በኔትወርክ አጋርቶ ከብዙ ኮምፒውተር መጻፍም ፋይሉን ሊያበላሽ ይችላል። እዚያ ላይ ፖስትግሬስ አስገቡ፣ ሰርቨሩንም የሚጠብቅ ሰው ቅጠሩ። የቀረነው ዛሬውኑ መጀመር እንችላለን፤ ፓይተን ያለው ሰው አብሮት ስለሚመጣ የሚያወርደው ነገር የለም።